በቤንዚን ይታጠብ የነበረው የቮልስ ወንፊት

የሞተር ዘይት ማጣሪያ፣ በጋራዥ ቋንቋ የዘይት ፊልትሮ፣ ዛሬ በአብዛኛው ዘይት በተቀየረ ቁጥር ተፈትቶ የሚጣል የታሸገ ቆርቆሮ ነው፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲመላለሱ ከኖሩትና ከተወደዱት መኪኖች አንዱ ግን የሚጣል ፊልትሮ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረውም። ይህ መኪና በጀርመን ቮልፍስቡርግ ከተማ መመረት የጀመረው፣ ከተሜው ስሙን አሳጥሮ ቮልስ ያለው ቮልስዋገን ቢትል ሲሆን፣ ዘይቱ ወደ ፓምፑ ከመሳቡ በፊት የሚያልፈው በአንድ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነበር፤ ወንፊቱም ዘይት በሚቀየርበት ቀን ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ተመልሶ ይገጠም ነበር። በዚያ ዘመን መኪና የያዙ ሰዎች ይህን ወንፊት ሲያስታውሱ ዘወትር የሚያነሡት የዕቃውን ጥንካሬና ለፊልትሮ አለመክፈላቸውን ነው። ዛሬ ታጥቦ ለዓመታት ያገለግላል ተብሎ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ፊልትሮ ለመግዛት የሚያስብ ባለመኪና ሲኖርም ይኸው ትዝታ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ትዝታው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ለወንፊቱ የሰጠው ምስጋና ከፊሉ የሌሎች ነገሮች ድርሻ ነበር፤ የወንፊቱን እውነተኛ ጥቅም ደግሞ ከነጭራሹ ዘሎታል።

የቮልስ ሞተር ከኋላ የተቀመጠ፣ በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራቱ ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሲሆን፣ በሆዱ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነበር። ይህ ጥቂት ዘይት የሚፋተጉትን ክፍሎች ከማለስለስ ሌላ ሙቀት ተሸክሞ የማውጣት ግዴታም ነበረበት፤ ስለዚህ ማራገቢያው በሚነፍሰው አየር መንገድ ላይ ለዘይቱ የራሱ የሆነ ትንሽ ማቀዝቀዣ ቆሞለት ነበር። በሞተሩ ሆድ ሥር አንድ ክብ ሽፋን በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች ተይዞ ይገኛል፤ ሽፋኑ ሲወርድ አብሮት የሚወጣው፣ ከሽቦ መረብ የተሠራና ዙሪያው በቆርቆሮ የተከፈፈው ነገር የዘይቱ ወንፊት ነው። በወንፊቱ አናት ላይ ባለው ቀዳዳ የፓምፑ መሳቢያ ቱቦ ይገባል። በዚህ ቦታ ላይ ልምድ ያለው መካኒክ ብቻ የሚያስተውለው ጉዳይ ነበር፤ ቱቦው በቀዳዳው ውስጥ ጥብቅ ብሎ ካልተቀመጠ ፓምፑ ዘይቱን ቀላሉ መንገድ በሆነው ክፍተት በኩል ስለሚስበው፣ ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ዘይቱ ሳይጣራ ይዞራል።

ከወንፊቱ ክፈፍ በላይና በታች ሁለት የወረቀት ጓርኒሲዮኖች፣ ማለትም ሁለት ብረቶች በተጋጠሙበት ቦታ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግዱ ስስ ማሸጊያዎች፣ ይገቡ ነበር፤ በዳዶዎቹ ሥር ደግሞ የመዳብ ሮንዴላዎች ይደረጉ ነበር። የሞተሩ አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ፣ ቀላልና ከብረት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ፣ ዳዶዎቹን ከልክ በላይ ማጥበቅ ሁለት ጉዳት ያመጣል፤ ስሱ ሽፋን ይጎብጥና ማፍሰስ ይጀምራል፣ ወይም ብሎኑ የተተከለበትን ጥርስ ይዞት ይወጣል። ያፈሰሰውን ለማስቆም እንደገና ማጥበቅ፣ ያጠበቁትም ይበልጥ ማፍሰሱ፣ በአሮጌ ቮልሶች ሥር ለሚታየው የዘይት ጠብታ ዋነኛ ምክንያት ነበር፤ ቮልስ በተፈጥሮው ዘይት ያፈሳል የሚለው ወሬም ከፊሉ የመጣው ቁልፉን ከያዘው እጅ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነበር፤ የሞቀ ዘይት ስለሚቀጥን ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ጥቁሩ ዘይት ወደ ሳፋ ከተንቆረቆረ በኋላ ወንፊቱ ወርዶ በትንሽ ጣሳ ቤንዚን ውስጥ ይነከርና በብሩሽ ይታሻል፤ ኮምፕረሰር ባለበት ጋራዥ በአየር ይነፋል፣ በሌለበት ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ማጠቡ በጋራዡ ውስጥ ታናሽ ለሆነው ተለማማጅ የሚሰጥ ሥራ ነበር፤ ከመታጠቡ በፊት የሚደረገው ግን ለተለማማጅ አይተውም ነበር። ጥሩ መካኒክ ወንፊቱ ቤንዚን ሳይነካው በፊት ወደ ብርሃን ያዞረዋል፣ በጣቱ ያሻሸዋል፣ የቀረውንም ዝቃጭ በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሶ ይመለከተዋል።

በዚያ ጨርቅ ላይ የሚታየው ነገር የሞተሩ የጤና መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል። ጥቁርና ሲነካ የሚፈረፈር ቅንጣት የተቃጠለ ዘይት ክሰል ነው፤ ጥቂት ከሆነ አያሳስብም። የሚያብረቀርቅ የብረት ቅርፊት ሲገኝ ማግኔት ይቀርብለታል፤ ማግኔቱ የሚያነሣው ከሆነ ከካምሻፍቱ፣ ከቫልቭ ገፊዎቹ ወይም ከሌላ የብረት ክፍል የተላጠ ነው፤ ማግኔቱ ካላነሣው ግን ከአልሙኒየሙ ፒስቶን ወይም ከብሮንዚናው፣ ማለትም ኮሎ የሚባለው የሚሽከረከረው የሞተሩ ዋና ዘንግ ከሚያርፍበት ለስላሳ የብረት ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። መዳብ የሚመስል ቀለም ከታየ የብሮንዚናው ላይኛው ሽፋን አልቆ ከሥሩ ያለው መታየቱ ስለሆነ፣ መኪናው ገና ድምፅ ሳያሰማ ባለቤቱ ለእድሳት ገንዘብ ማዘጋጀት እንዳለበት ይነገረዋል። የማሸጊያ ፍርፋሪና የጨርቅ ክር ደግሞ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ቀደም ሲል ሞተሩን ስለ ከፈተው ሰው ጥንቃቄ ማነስ ይመሰክሩ ነበር። ይህ ሁሉ ምርመራ ያለ ልዩ መሣሪያ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ወንፊቱ መታጠብ ስላለበት ብቻ የሚገኝ ጥቅም ነበር።

ወንፊቱ እንደ ማጣሪያ ሲመዘን ግን ውጤቱ ደካማ ነው። የማጣሪያ ነገር የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ውፍረት በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል። በኮሎውና በብሮንዚናው መካከል ያለው ክፍተት በመኪና ሞተር ውስጥ ጥቂት አሥር ማይክሮኖች ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱን የሚለየው የዘይት ሽፋን ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። ብረትን ቀስ በቀስ የሚበሉት ከዚህ ሽፋን ውፍረት ጋር የሚቀራረቡ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ናቸው፤ በጣም ትልልቁ ወደ ክፍተቱ መግባት ያቅተዋል፣ እጅግ ደቃቁ ደግሞ ሳይነካ ያልፋል። የቮልስ ወንፊት ቀዳዳዎች በዓይን ተለይተው የሚታዩ በመሆናቸው፣ ያስቀር የነበረው የፓምፑን ማርሾች የሚሰብር ቁራጭ ነበር እንጂ ብሮንዚናን የሚፍቀውን ደቃቅ አቧራ አልነበረም። በትክክለኛ ስሙ ከተጠራ፣ የፓምፕ ጠባቂ ነበር።

እንዲህ ከሆነ እነዚያ ሞተሮች ለምን ያን ያህል ዘመን ኖሩ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ መልሱም ከወንፊቱ ውጭ ይገኛል። የመጀመሪያው ምክንያት የዘይቱ ቶሎ መቀየር ነው፤ የፋብሪካው መመሪያ በየ5000 ኪሎ ሜትር ዘይት እንዲለወጥ ያዝ ነበር፣ መጠኑም ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ለመቀየር የሚሳሳ ባለቤት ብዙ አልነበረም። ከአጣቢ ቅመም ነጻ በሆኑት የጥንት ዘይቶች ውስጥ ቆሻሻው እንደ ጠላ አተላ ከሥር ይዘቅጥ ነበር፤ በኋላ የመጡትና ቮልስም ይጠቀምባቸው የነበሩት አጣቢ ቅመም ያላቸው ዘይቶች ግን ደቃቁን ጥቀርሻ አንጠልጥለው ይዘው ይዞራሉ፣ ሲቀየሩም ይዘውት ይወጣሉ። ስለዚህ የቮልስ እውነተኛ ፊልትሮ የሚፈሰው ዘይት ራሱ ነበር፤ ቆሻሻው ከዘይቱ ጋር ይጣል ስለነበር ዘይቱን ከቆሻሻው መለየት አላስፈለገም።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይታወስም፤ እሱም የአየር ማጣሪያው ነው። በጠጠርና በአፈር መንገድ ለሚሄድ መኪና ቀንደኛው ጠላት ከውጭ በአየር የሚገባው አቧራ ነው፤ የአቧራው ደቃቅ አሸዋ ከፒስቶኑ ቀለበቶች አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርድና በየክፍሉ ይዳረሳል። ቮልስ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ይጠቀም የነበረው የዘይት ገንዳ ያለው የአየር ማጣሪያ ነው፤ አየሩ በጎድጓዳው ውስጥ ካለው ዘይት ላይ በድንገት አቅጣጫውን ሲቀይር ከባዱ አቧራ ዘይቱ ላይ ይወድቃል፣ የተረፈው ከላይ ባለው በዘይት በረጠበ ጭረት ይያዛል። ይህም የሚታጠብ ዕቃ ነበር፤ ገንዳው ውስጥ የረጋው ጭቃ ተፍቆ ይወጣና አዲስ ዘይት ይሞላበታል፣ በአቧራማ አገር ይህን ከተለመደው ጊዜ በፊት ማድረግ ግድ ነበር። የአየር ማጣሪያውን ቸል ያለ ሰው የዘይት ወንፊቱን በየሳምንቱ ቢያጥብ እንኳ ሞተሩን አያድነውም ነበር።

በዓለም ደረጃ ሲታይ የወንፊቱ ዘመን ቮልስ ሳይጠፋ በፊት አብቅቶ ነበር። በ1908 እ.ኤ.አ. የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ የዘይት ፓምፕም ፊልትሮም አልነበረውም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ኧርነስት ስዊትላንድ ፑሮሌተር የተባለውን የመኪና ዘይት ማጣሪያ ሠራ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ማጣሪያዎች ከፓምፑ የሚወጣውን ዘይት ጥቂቱን ብቻ ወደ ጎን ወስደው የሚያጣሩ፣ ማለትም የጎን መስመር ማጣሪያዎች ነበሩ። ቀስ በቀስ ዘይቱ በሙሉ ወደ ብሮንዚናዎቹ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት የሙሉ ፍሰት ማጣሪያ ቦታውን ወሰደ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ የታጠፈ ወረቀት በቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ በእጅ የሚጠመዘዘው ፊልትሮ መጣ። በመሐል ሌላ የሚታጠብ ወገን ተፈጥሮ ነበር፤ እርስ በርሳቸው በጥቂቱ የተራራቁ የብረት ዲስኮችን በመደራረብ የሚሠራና ከውጭ ያለው እጀታ ሲዞር ዲስኮቹ ቆሻሻቸውን የሚፋቁበት ማጣሪያ በአንዳንድ መኪኖችና በትልልቅ ሞተሮች ላይ ይገጠም ነበር፤ ፊያት በ1957 ባወጣው ፊያት 500 ላይም ከኮሎው ጫፍ ጋር አብሮ በሚሽከረከር ክፍል ውስጥ ዘይቱ ሲዞር ከባዱ ቆሻሻ ወደ ግድግዳው ተወርውሮ እንዲለጠፍ የሚያደርግ ማጣሪያ ነበር። ይህ የመጨረሻው ዘዴ አልሞተም፤ እንደ ስካኒያ ባሉ ከባድ የጭነት መኪኖች ላይ ዛሬም ተከፍቶ የሚጸዳ ሽክርክር ማጣሪያ ከወረቀቱ ፊልትሮ ጎን ይሠራል።

አዲስ አበባ ውስጥ ንጽጽሩ በግልጽ የታየው ላዳ ታክሲ ሲበዛ ነበር። በሶቪየት ኅብረት ቶሊያቲ ከተማ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፊያት 124 ተቀድቶ የተመረተው ላዳ፣ በእጅ የሚጠመዘዝ የወረቀት ፊልትሮ ነበረው፤ ዘይቱን ከቮልስ ወንፊት እጅግ በተሻለ ደረጃ ያጣራ ነበር፣ ነገር ግን ዘይት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ፊልትሮ መገኘት ነበረበት። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሬ ባጠረበት ወቅት ይህ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ሆነ። የቮልስ ባለቤት የሚያስፈልገው ጥቂት ቤንዚንና ሁለት የወረቀት ጓርኒሲዮን ነበር፤ ጓርኒሲዮኑም ቢጠፋ አሮጌውን እንደ ልክ አድርጎ ከወፍራም ወረቀት መቁረጥ ይቻላል። የላዳው ሰው ግን ወደ መለዋወጫ ገበያው ወደ ሶማሌ ተራ ወጥቶ መፈለግ፣ ካጣም ዘይቱን ብቻ ቀይሮ ያረጀውን ፊልትሮ ማቆየት ነበረበት። ለወንፊቱ የተሰጠው ፍቅር ከዚህ ዘመን የተወለደ ይመስላል፤ ወንፊቱ የተወደደው በደንብ ስላጣራ ሳይሆን ማንንም ደጅ ስላላስጠና ነው። የታሸገውን የወረቀት ፊልትሮ በቤንዚን አጥቦ መመለስ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ደግሞ የእጥረት ዘመን ስሕተት ነው፤ ወረቀቱ ቆሻሻውን የሚይዘው በቃጫዎቹ ጥልቀት ውስጥ ስለሆነ ከውጭ የሚፈስስ ቤንዚን አያወጣውም፣ ቃጫውን ያያያዘው ሙጫ ቢላላም ወረቀቱ ተቀዶ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሞተሩ ሊለቅቅ ይችላል።

ዛሬ በገበያ የሚገኘው የሚታጠብ ፊልትሮ ከቮልስ ወንፊት ጋር በስም እንጂ በሥራ ብዙም አይዛመድም። ውጩ ከአልሙኒየም የተፈለፈለና የሚፈታ ቤት ሲሆን፣ ውስጡ ከማይዝግ ብረት ሽቦ የተሸመነ ደቃቅ መረብ፣ የጎማ ቀለበቶች፣ አንዳንዴም ማግኔት ይዟል። ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ መመልከት ያለበት የተጻፈውን የማይክሮን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ በምን ዓይነት መለኪያ እንደ ተገኘ ነው። አንድ መረብ 35 ማይክሮን ነው ሲባል ከዚያ የሚበልጠውን ክብ ቅንጣት ሁሉ ያስቀራል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት ደግሞ 20 ማይክሮን ነው ሲባል ግማሹን ብቻ ይይዛል ማለትም፣ ከሞላ ጎደል ሁሉን ይይዛል ማለትም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አይሶ 4548-12 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ዘይቱን ደጋግሞ በማዞር ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ያሉትን ቅንጣቶች የሚቆጥረው፤ ከሚገቡ 75 ቅንጣቶች አንዱ ብቻ ካለፈ ፊልትሮው በዚያ መጠን 98.7 በመቶ ይይዛል ይባላል። ይህን መረጃ የማይሰጥ ሻጭ የሚሸጠው ውበት ነው።

የብረት መረብ ጥቅምና ጉድለት ከአንድ ባሕርይ ይመነጫሉ። መረቡ ቆሻሻን የሚይዘው በገጹ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘይት በቀላሉ ያሳልፋል፣ ሲታጠብም ቆሻሻው ይለቅቀዋል። የወረቀቱ ዓይነት ጥልቀት ስለሌለው ግን ከቀዳዳዎቹ ያነሰውን ደቃቅ ነገር የሚያቆምበት መንገድ የለውም፤ ገጹም ከተዘጋ ዘይቱ በማለፊያ ቫልቭ በኩል ሳይጣራ ይሄዳል። ማለፊያ ቫልቭ ማለት ፊልትሮው ሲደፈን ወይም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ሞተሩ ዘይት አጥቶ እንዳይጎዳ በስፕሪንግ ኃይል የሚከፈት በር ነው፤ በአንዳንድ ሞተሮች ይህ በር የሚገኘው በፊልትሮው ውስጥ፣ በሌሎች ደግሞ በሞተሩ አካል ላይ ነው። ጥርሱ ገጠመ ብሎ ፊልትሮ መግዛት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሦስት አራተኛ ኢንች ጥርስ ብዙ መኪኖች የሚጋሩት ቢሆንም፣ በሩ የት እንዳለ፣ በምን ግፊት እንደሚከፈት፣ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ ወደ ኮፓ፣ ማለትም በሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ እንዳይወርድ የሚያግደው የጎማ ከለላ መኖሩና የማሸጊያው ቀለበት ስፋት ከመኪናው ጋር መስማማት አለባቸው፤ ለምሳሌ ከለላው ከሌለ በየማለዳው ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ደረቁን ይሠራል።

እነዚህን ሁሉ አመዛዝኖ የሚያይ ሰው ለተራ የከተማ መኪና ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ የተሻለ ምርጫ መሆኑን መቀበል ይኖርበታል፤ ዘይቱ በወቅቱ እስከ ተቀየረ ድረስ ወረቀቱ ደቃቁን ቅንጣት በመያዝ ከመረቡ ይበልጣል፣ በሚታጠበው ዋጋም ለብዙ ዓመት የሚበቃ የወረቀት ፊልትሮ ይገዛል። የሚታጠበው ፊልትሮ ራሱን የሚያጸድቀው ሌላ ቦታ ነው፤ በእሽቅድምድም መኪኖች ላይ የሚመረጠው ከውድድር በኋላ ወዲያው ተከፍቶ በመረቡ ላይ ያለው ብረት ስለሚነበብ ነው። ለምርመራ ሲባል ብቻ መግዛትም ግድ አይደለም፤ የትናንሽ አውሮፕላኖች መካኒኮች የሚጣለውን ፊልትሮ በልዩ መቁረጫ ቆርጠው ወረቀቱን ዘርግተው ያዩታል፣ ይኸው ልማድ በጋራዥም ሊሠራበት ይችላል። ቮልስ ራሱ በሜክሲኮ ፑዌብላ ምርቱ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ከማብቃቱ በፊት ባሉት ዓመታት በእጅ የሚጠመዘዝ ፊልትሮ ተገጥሞለት ነበር፤ አምራቹ በወንፊቱ ላይ የፈረደው በዚህ መልክ ነው።

የሚታጠበውን የመረጠ ሰው ሊያስብበት የሚገባ አንድ ወጪ ደግሞ በዋጋ ዝርዝር ላይ አይጻፍም። በቀድሞው ዘመን ወንፊት ያጠበ ቤንዚን መሬት ላይ ይደፋ ነበር፤ የተቃጠለው ዘይት ምስጥን ይከላከላል ተብሎ በአጥር እንጨት ላይ ይቀባ ነበር። የማጠቢያው ፈሳሽ ከባድ ብረቶችንና ያገለገለ ዘይትን ስለሚይዝ ወደ ቦይ ወይም ወደ አፈር መድፋት የጉድጓድ ውሃን ይበክላል፤ ቤንዚን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለማጠቢያ መጠቀምም ለእሳት ያጋልጣል። ከቤንዚን ይልቅ በቀላሉ እሳት የማይይዝ ማጠቢያ መጠቀም፣ ፈሳሹንም ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅሞ ከተቃጠለው ዘይት ጋር ለሚሰበስቡት ማስረከብ ያስፈልጋል፤ መረቡም ከታጠበ በኋላ ወደ ብርሃን ተይዞ የተቀደደ ወይም ከክፈፉ የተላቀቀ ሽቦ እንደሌለው ካልታየ በስተቀር መገጠም የለበትም።